ሲያርፉ የሚነሣው መስመር

ሸዋሉል የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ጫፍ በለስላሳ ጨርቅ ጠረገች። የቀድሞውን ጄል አንሥታ አዲስ ቀባችበት። ጄሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ በመጀመሪያ የራሷን አንጓ ነካችበት፤ ከዚያ ፕሮቡን በሽማግሌው ክንድ ላይ አሳረፈችው።

«አሁን ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ በያቸው» አለች።

ኢቲዳል ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ በበርታ ቋንቋ ነገረቻቸው። አብዱልሐሚድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸውን ነከሱ። ትከሻቸው ተነሣ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀኝ እጃቸው ግን ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል አንሶላው ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

ሸዋሉል ስክሪኑን ተመለከተች። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ የክንዱ ውስጥ ይታያል፤ ቆዳው፣ ስቡ፣ ጣት የሚያጥፈው ጡንቻ። ከታች ደግሞ ያ ጡንቻ የት እንዳለ እየተከተለ የሚሰመር ነጭ መስመር አለ። ጡንቻው የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ቢላወስ መስመሩ ጉብ ይላል። አሁን ግን በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሏል።

«በቃ፣ ይረፉ በያቸው።»

ኢቲዳል ነገረቻቸው። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ለሰለሰ። ሸዋሉል ፕሮቡን ልታነሣ ስትል መስመሩ ጉብ አለ። ትንሽ ጉብታ። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ። ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና።

ጨርቁን አነሣችና ምን ልታደርግበት እንደነበር ጠፍቷት መልሳ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ አንተ አየህ?» አለች ኢቲዳል።

ኢቲዳል «አንተ»ንና «አንቺ»ን እያቀያየረች ነው የምትጠራው። አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ሽንኩርት ለመሸጥ ደግሞ ገዢው ሴት ይሁን ወንድ ለይቶ መጥራት አያስፈልግም።

«አይቻለሁ» አለች ሸዋሉል። «ምን እንዳየሁ ግን አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። ይንቀሳቀስ ሲባል የማይንቀሳቀስ፣ ይረፍ ሲባል የሚነሣ ጡንቻ አይታ አታውቅም።

አብዱልሐሚድ የኩርሙክ ሰው ናቸው። ቀርከሃ ሰንጥቀው አልጋና ወንበር ይሠራሉ። ከክረምቱ በፊት ቀርከሃ ሊቆርጡ በወጡበት ወድቀው ተገኙና ወደ አሶሳ መጡ፤ ስትሮክ ነው ተባለ። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ምላሳቸውም እየተጎተተ ተፈታ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደወደቀ ቀረ። ኢቲዳል ሁለት ልጆቿን ለባሏ እናት ትታ፣ አሶሳ ዘመድ ቤት ተጠግታ፣ በየጊዜው ወደዚህች የግል ክሊኒክ ታመላልሳቸዋለች።

ጃለታ የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የጊምቢ ልጅ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ። ዛሬ ጠዋት ሽማግሌውን ራሱ ደግፎ ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል አምጥቷቸው ነበር።

«ሸዋዬ፣ ይኸውልሽ» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «እዚህ ጡንቻ ውስጥ የሆነች እንቅስቃሴ ካለች፣ የቱንም ያህል ትነስ፣ አለቃቸውም። እሠራበታለሁ። ከሌለ ግን ይቺን ልጅ ከልጆቿ ለይቼ ላመላልሳት አልችልም፣ ግፍ ነው። አንዲት ልጅም ከባምባሲ እየተመላለሰች ቦታቸውን ትጠብቃለች። ዛሬ የኩርሙክ መኪና አለ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ይወጣል። ወይ ይቀራሉ፣ ወይ ይሄዳሉ።»

«ከሄዱ ይመለሳሉ?»

«በዚያ መንገድ?» አለ ጃለታ። «እጁ እዚያው ይታጠፍና ይደርቃል። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።»

ሸዋሉል የለመደችው እርጉዞችን ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ልብ ስትመታ ማየት፣ የሕፃን ጭን አጥንት መለካት፤ ይህን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። የሽማግሌ ክንድ ውስጥ እንቅስቃሴ መፈለግ የጃለታ አዲስ ሐሳብ ነበር። እሷ ደግሞ ያላረጋገጠችውን ነገር ከአፏ የምታወጣ ሰው አይደለችም። «እንጃ» እና «እርግጠኛ አይደለሁም» የምትላቸው ቃላት በክሊኒኩ የታወቁ ነበሩ። የምርመራ ውጤት የሚጠብቁ ባሎች በዚህ ይናደዱባታል።

አሁንም ማረጋገጥ ጀመረች። ፕሮቡን ትራስ ላይ አስቀመጠችው፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ስለዚህ ማሽኑ አይደለም። ከጓሮ የሚንደቀደቀው ጄኔሬተር እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ጠፍቶም ጉብታው አልጠፋም። የሽማግሌውን ግራ እጅ ሞከረች፤ አንቀሳቅሱ ሲባሉ መስመሩ ተራራ ሠራ፣ እረፉ ሲባሉ ሜዳ ሆነ። እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው። ወደ ቀኙ ስትመለስ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

«ኢቲዳል፣ ምናልባት በተቃራኒው ተረድተውኝ ይሆን? አንቀሳቅሱ ስል እረፉ፣ እረፉ ስል አንቀሳቅሱ ብለው?»

ኢቲዳል ጠየቀቻቸው። አብዱልሐሚድ ተቆጥተው በቋንቋቸው መለሱ።

«እጄ ሞተ እንጂ ጆሮዬ አልሞተም ይላል» አለች ኢቲዳል፤ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

የኢቲዳል ስልክ ጠራ። የኩርሙኩ መኪና ሹፌር ጎሹ ነበር፤ ስልኩ ድምፁን ስለሚያጮኸው ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

«ኢቲዳል! የፊት ወንበር ይዤላችኋለሁ። ሽማግሌውን ኋላ አልጭናቸውም ብያለሁ፣ ሰው ይጮህብኛል። ትመጫለሽ አትመጪም?»

«ጠብቅ። እያዩት ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ምኑን ነው የሚያዩት? እጅ እኮ ነው! ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም!»

ኢቲዳል ስልኩን ዘግታ ሸዋሉልን አየቻት። ሸዋሉል ፊቷ ሲግል ተሰማት። ሹፌሩ ልክ ነው። እጅ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ይህ ግን ሁለቱንም አልሆነላትም።

ጃለታን አስጠራችው። እጁን በፎጣ እያደራረቀ መጣ።

«እህ፣ አገኘሽ?»

«ሲያርፉ ይነሣል። ሲታዘዙ ይቆማል።»

«ምን?»

«እየው።»

ጃለታ ከስክሪኑ ፊት ቆመ። ሽማግሌው ረጅሙን ሰው ቀና ብለው አዩትና ሰውነታቸውን ሰበሰቡ።

«አባባ፣ በሉ እስኪ እጅዎን ጨብጡ! በርቱ!» አለ ጃለታ በዚያ ጎርናና ድምፁ። ትከሻ ተነሣ፣ መስመሩ ቀጥ አለ። «በቃ፣ ይረፉ።» ትከሻ ወረደ። መስመሩ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ጃለታ ጠበቀ። ሽማግሌው እሱን ያያሉ፣ እሱ ስክሪኑን ያያል። ምንም የለም።

«ሸዋዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የራስሽ እጅ ይሆን እንዴ? አውራ ጣትሽ ላይ ያለው የልብ ምትሽ?»

«እንጃ» አለች።

«አየሽ? እንጃ። በእንጃ ቦታ ይዤ ያቺን የባምባሲ ልጅ ልመልሳት?» ትከሻዋን ቸብ አደረጋት። «አትዘኚ። እኔም ይኖር ይሆናል ብዬ ነው። አዛን ሲል እመለሳለሁ።» ወደ ኢቲዳል ዞረ። «አንቺስ፣ ዕቃሽን አዘጋጅተሻል?»

«አንቺ ሂጂ፣ እኔ ዕቃ አዘጋጅቷል» አለችው ኢቲዳል ፊቷን ሳታዞር።

«ይኸው! ሸዋሉልን አንተ፣ እኔን አንቺ» አለ ጃለታ እየወጣ። ማንም አልሳቀለትም።

ሸዋሉል ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። የልብ ምቴ ይሆን? ይህን አላሰበችውም ነበር። ከመሳቢያው በታች ጃለታ ለእግር ማለማመጃ የሚጠቀምባቸው የአሸዋ ከረጢቶች ነበሩ። ሁለት አንሥታ ከሽማግሌው ክንድ ግራና ቀኝ አደረገች፤ ፕሮቡንም በእጇ መያዙን ትታ በሁለቱ ከረጢት መሐል አቆመችው። አሁን የሷ ሰውነት ማሽኑን አይነካም።

«ይረፉ በያቸው። እኔም አላወራም።»

ሦስቱም ዝም አሉ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሽማግሌው ወደ ጣሪያው አዩ፤ ዐይናቸው እዚያው ቀረ። መስመሩ ጉብ አለ።

ቀረጸችው። ከዚያ ጉብታዎቹን ማየት ጀመረች፤ መጠናቸውን ሳይሆን አደራደራቸውን። ሦስት ጉብታ፣ ክፍተት። ሦስት ጉብታ፣ ክፍተት። ሦስት፣ ክፍተት። መንቀጥቀጥ እንዲህ አይደረደርም። የልብ ምትም ሦስት መትቶ አያርፍም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር እየቆጠረ ነው።

ሸዋሉል የተወለደችው አምባ አሥራ አራት በሚባል መንደር ነው፤ አባቷ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ናቸው። አጥራቸው ከጎረቤት ልጅ ከሐኒ ቤት አጥር ጋር አንድ ነበር። የሐኒ አባት ሶላታቸውን ሲጨርሱ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ አውራ ጣታቸውን በየጣታቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ተስቢህ፣ የአላህን ውዳሴ፣ ይቆጥራሉ። ልጅ ሆና በአጥሩ ቀዳዳ ታያቸው ነበር። እያንዳንዱ ጣት ሦስት ቦታ አለው። ሦስቱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ጣት ይሄዳሉ።

ቀኝ እጇን ገልጣ አየችው። ከዚያ ፕሮቡን ከከረጢቶቹ መሐል አውጥታ በራሷ ክንድ ላይ አደረገችው፤ አውራ ጣቷንም በአንጓዎቿ ላይ አሳለፈች። ሦስት ጉብታ፣ ክፍተት። ሦስት ጉብታ፣ ክፍተት። የሷ እንደ ተራራ ነው፤ የሳቸው ምስጥ አፈር እንዳነሣ ያህል። መልኩ ግን አንድ ነው።

«ኢቲዳል» አለች። «ይረፉ ስላቸው ምንድን ነው የሚያደርጉት? በልባቸው?»

ኢቲዳል ጠየቀች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ምንም ይላል።»

«ተስቢህ ይሆን?»

ቃሉን ሽማግሌው ራሳቸው ሰሙት። ዐይናቸውን ከጣሪያው አውርደው ለመጀመሪያ ጊዜ ሸዋሉልን ትክ ብለው አዩዋት። ኢቲዳል አፏን ያዘች።

«ወላሂ! አቡይ ሙስበሃ አይወድም» አለች። «መቁጠሪያው ቤት አለ፣ ተሰቅሏል። ከልጅነቱ በጣት ነው። ሥራ ሲያቆም በጣት፣ መንገድ ሲሄድ በጣት። አንተ እረፍ ስትለው፣ እሱ እረፍት ማለት…» ቃሉ አልመጣላትም። አውራ ጣቷን በጣቶቿ ላይ አሳለፈች።

ሽማግሌው በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ፣ ለልጃቸው የሆነ ነገር ነገሯት። ኢቲዳል ስትተረጉም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«እጄ ስለሞተ በልብ ብቻ ነበር የምቆጥረው፣ አዝኜ ነበር ይላል። እጁ አብሮት ይቆጥር እንደነበር አላወቀም።»

ሸዋሉል ደስ ስላላት ቆም ብላ አላሰበችም። ስክሪኑን አዙራ ለሽማግሌው አሳየቻቸው። «ይኸው፣ አባባ። ይሄ የእርስዎ እጅ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ይሄ አንድ ጣት። ይሄ ቀጣዩ።»

አብዱልሐሚድ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በኢቲዳል በኩል ሳይሆን በራሳቸው የተሰባበረ አማርኛ ጠየቋት።

«ልጄ። ይሄ ማን ያያል?»

«ጃለታ ያያል። አሁን ይመጣል።»

«ሌላ ሰው?»

«ምናልባት ሐኪሙ። ለትምህርትም ሊያሳዩት ይችላሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር…» አፏን ዘጋች። ፊታቸው ሲለወጥ አይታለች።

«ጃለታ ያያል፣ ሐኪም ያያል፣ ሰው ያያል» አሉ። ግራ እጃቸውን አንሥተው ቀኙ ላይ ከደኑበት፤ አንድ ሰው በድንገት ሲገባበት ልብሱን እንደሚሰበስብ። «ይሄ የእኔና የአላህ ነው። ሰው ካየ ለሰው ሆነ። አጥፋው።»

«አቡይ!» ኢቲዳል ከወንበሯ ተነሣች። የቀረውን በቋንቋቸው ነው የተጨቃጨቁት። ሸዋሉል ከመሐል የያዘችው «ኩርሙክ» የሚለውንና «ጃለታ» የሚለውን ብቻ ነበር። ሴትየዋ ትጮሃለች፣ ሽማግሌው ያንኑ አጭር ቃል ይደግማሉ። ሴትየዋ ወደ ሸዋሉል ዞረች።

«አትስማው! አታጥፋ! ሕክምና እኮ ነው፣ ኃጢአት አይደለም። ኢማሙን ብትጠይቅ ኃጢአት አይደለም ይላል። እኔ ልጆቼን ትቶ የመጣው ለምንድን ነው? ይሄን ለማየት ነው! ጃለታ ይየው፣ ከዚያ አጥፋ።»

«ከሱ በፊት» አሉ ሽማግሌው።

ሸዋሉል ፕሮቡን መልሳ ክንዳቸው ላይ አደረገችው፤ ምናልባት ጃለታ ሲመጣ እንደገና ቢነሣ ብላ። መስመሩ ቀጥ አለ። ጠበቀች። ቀጥ እንዳለ ነው። ስክሪኑን የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ ስክሪኑ ፊት ማረፍ አይችልም። የቀራት የቀረጸችው ብቻ ነው።

ቅጂውን ከፈተችውና ለካችው። ትልቁ ጉብታ ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር ነው። ደግማ ለካች፤ ያው። ቁጥሩን በውጤት ወረቀቱ ላይ ጽፋ ፈረመችበት። እጇ መሰረዣው ቁልፍ አጠገብ ቆመ። ልክ የሆነው የትኛው እንደሆነ አልታወቃትም። ልጅቷ ልክ ናት። አባትየውም ልክ ናቸው። የሷ ሥራ ያየችውን ለሚያስፈልገው ሰው ማሳየት ነው፤ እንዲህ ነው የተማረችው። ግን ሽማግሌው ለካሜራ አልተቀመጡም። እረፉ ተብለው ዐረፉ እንጂ።

አዛኑ ከከተማው በኩል ተሰማ። ወዲያው የጃለታ እርምጃ በኮሪደሩ መጣ። ከውጭ ደግሞ መኪና ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ፤ ጎሹ ነው።

«እሺ ሸዋዬ» አለ ጃለታ በሩን ከፍቶ። «እንጃ ነው?»

«አለ» አለች።

ጃለታ በሩን ይዞ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«እንቅስቃሴ አለ። ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር። ጣት የሚያጥፈው ጡንቻ ላይ። እጄ አይደለም፤ ፕሮቡን በአሸዋ ከረጢት አቁሜ ነው የለካሁት።»

«በይ አሳዪኝ!»

ኢቲዳል ሸዋሉልን ታያታለች። ሽማግሌው አያዩዋትም፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ሸዋሉል ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ «ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቃት፤ እንደገና ተጫነች። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የመርማሪዋን ስምና ቀኑን ብቻ አስቀረ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ጃለታ።

ኢቲዳል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ሰረዝኩት። የሳቸው ነው፤ እንዲታይ አይፈልጉም። ለምን እንደሚነሣም ልነግርህ አልችልም። ግን ይነሣል። ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ።»

«ሳላይ እንዴት ልያዛቸው? ነገ አለ ያለው ማነው ብባል?»

«እኔ» አለች።

ጃለታ ወረቀቱን አነሣ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ጥቁሩን ስክሪን አየ። በመጨረሻ እሷን አየ።

«ይኸውልሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ አብረን ስንሠራ ስንት ጊዜ እንጃ ብለሽኛል? በግልጽ የሚታየውን መንታ እንኳ እስቲ ነገ ደግሜ ልየው ብለሻል። አለ ስትይ ዛሬ ነው የሰማሁሽ።» ወረቀቱን አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተ። «በአንቺ ስም ነው የምይዛቸው። ለባምባሲዋ ልጅ ደግሞ ከሥራ በኋላ ሰዓት እፈልግላታለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ። እሺ፣ ምን አዝዛቸው? ጨብጡ ስላቸው ይቆማል ካልሽ?»

«አትዘዛቸው። ይረፉ በላቸው። ከዚያ ዞር በል።»

«የት ነው የምዞረው?»

«ወደ ግድግዳው።»

«አቦ ተይኝ» አለ ጃለታ። «አራት ዓመት ስማር ወደ ግድግዳ ዙር የሚል ምዕራፍ አላየሁም።» ይህን ብሎ ግን የሽማግሌውን ትከሻ ነካ አደረገና ወጣ።

ኢቲዳል ከተቀመጠችበት ስልኳን አወጣች።

«ጎሹ፣ አንሄድም። የፊት ወንበሩን ለሌላ ስጥ።» ሹፌሩ የሚለውን ሳትሰማ ዘጋችው። ሸዋሉልን አየቻት፤ ተቆጥታ ይሁን አመስግና ሸዋሉል መለየት አልቻለችም። «ዕቃዬ መኪና ላይ ነው፣ ላወርድ» ብላ ወጣች።

ሸዋሉል ከሽማግሌው ጋር ብቻዋን ቀረች። ጄሉ ክንዳቸው ላይ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክራ ጨመቀችና ከአንጓቸው ጀምራ ወደ ክርናቸው ጠረገችው። ልክ ሠርታ እንደሆነ እንጃ። በስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር አልጋ ተሠርቶ እንደሚያውቅም እንጃ።

«ጨርሻለሁ፣ አባባ» አለች። «ኢቲዳል እስክትመጣ ይረፉ።»

አብዱልሐሚድ ራሳቸውን ወደ ትራሱ መለሱ። ሸዋሉል ደረቅ ፎጣ አመጣችና ቀኝ እጃቸውን አለበሰችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፕሮቡን ጠረገች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው።